ጋሽ ወልዴ ያልገዙት መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ሳህን እያጠብኩ ሳለ ልጄ ሜላት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «አባዬ ሉክ፣ እንደዚህ ዓይነት እንግዛ» አለችኝ። ስልኩ ላይ የሚታየው አሮጌ ካምፐር ቫን ነበር፤ አልጋው፣ ምድጃውና ጠረጴዛው ሁሉ ውስጡ ያለ፣ ሰው ቤቱን ይዞ የሚዞርበት ዓይነት መኪና።

«ማሚ ነግራኛለች፤ አንተም ድሮ ነበረህ አሉ። ከማን ገዛኸው?»

«ከአንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ፤ ስትሪትሃም።»

«ናይስ ነበር?»

«ናይስ ነበር።»

እጄን አድርቄ ሳሎን ገባሁና ተቀመጥኩ። ለልጄ የመለስኩላት ሁሉ እውነት ነው። እውነት ብቻ እየተናገሩ ዋናውን ነገር መደበቅ ግን እንዴት እንደሚቻል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ያንን መኪና የገዛሁት ከሌላ ሰው እጅ ነጥቄ ነው። የነጠቅሁትም በጉልበት ሳይሆን በምላሴ ነው።

ዘመኑ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ለትምህርት ብዬ ለንደን መጥቼ በዚያው የቀረሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ብሪክስተን ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን እንኖራለን። የእኔ አልጋ በሩ ጥግ ስለነበር የገባውም የወጣውም እግሬን ሳይነካኝ አያልፍም። ቀን ቀን ሳንድዊች ቤት ዳቦ እቆርጣለሁ፤ ያጠራቀምኳት ነገር ለኮሌጅ ናት።

ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ጋሽ ወልዴና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይኖሩ ነበር። ስደት የወጡት በስተርጅና ነው። ጋሽ ወልዴ በአሰብ መስመር ተሳቢ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለንደን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ያጥባሉ። ሞተር በድምፁ ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ከ«ታንክዩ» አያልፍም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እኔ ነኝ። የቤት ኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ነኝ። ለመኖሪያ ወረቀታቸው ጉዳይ ክሮይደን ሲጠሩም አብሬያቸው በአውቶቡስ የምሄደው እኔ ነኝ። ቃል ሳልጨምር ቃል ሳላጎድል ስለማስተረጉም፣ «አንተ እኮ አፌ ነህ» ይሉኛል። ይህንን ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ያ ሁሉ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው እንደ ጀማሪ መንጃ ፈቃድ ተፈተኑ። የጽሑፉን ጥያቄ እኔ እያነበብኩላቸው፣ እሳቸው እንደ ዳዊት እየደገሙ አጠናን። በሦስተኛው አለፉ። ያን ዕለት እትዬ አስካለ ዶሮ ሠርተው ጠሩኝ፤ ጋሽ ወልዴም እጃቸውን እየታጠቡ፣ «አሁን ቤት አዘል መኪና ፈልግልኝ» አሉኝ። ካምፐር ቫን ማለታቸው ነው።

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እትዬ አስካለ ስኳር በሽታ ነበረባቸው። ውኃ ያስጠማቸዋል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል። መንገድ ላይ ሽንት ቤት አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። ቅዳሴ የሚሄዱ ዕለት ከዋዜማው ጀምረው ውኃ አይቀምሱም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም።

«አሰብ እወስድሻለሁ፣ ባሕር አሳይሻለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸኋት» አሉ ጋሽ ወልዴ። «አንዴ ጭነት አለ፣ አንዴ ዝናብ ነው ስል፣ መንገዱ ራሱ ተዘጋ። እዚህ ደግሞ ባሕሩ ቅርብ ነው ይላሉ።»

«በባቡር አንድ ሰዓት ነው እኮ ጋሽ ወልዴ።»

«የባቡሩ ሽንት ቤት ሰልፍ አለበት። የራሷ ይሁን።»

እትዬ አስካለ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጡን ይጨምሩልን ነበር። ፊታቸው ላይ ግን እንደ ኮረዳ የሆነ ነገር አየሁ።

ከዳግም ትንሣኤ ወዲህ ባሉት እሑዶች የማስታወቂያ ጋዜጣ እየገዛሁ፣ ስልክ እየደወልኩ፣ አብረን መዞር ጀመርን። ጋሽ ወልዴ ገና ግቢ ሲገቡ ሰላምታም ሳይሰጡ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። «ሞቅ ብሏል» አሉኝ አንዱን። «እኛ ሳንመጣ አስነሥቶ አሙቆታል። ጠዋት እምቢ የሚል ሞተር ነው።» ሌላው ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ ነበር፤ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ይህ የተኳለው ለእኛ ነው» ብለው ሄዱ። እኔ ቀልዱን ለባለቤቱ ሳላስተረጉም «ይቅርታ» ብዬ ተከተልኳቸው።

አራተኛው የስትሪትሃሙ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አበባው በረገፈ ዛፍ ሥር የቆመ ክሬም ቀለም ያለው መኪና። ባለቤቱ ሚስተር ጎርደን የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሲሆን ሚስቱ የሞተችበት ባለፈው ክረምት ነው፤ ብቻዬን መሄዱ አላስቻለኝም አለን። ጋሽ ወልዴ ኮፈኑን ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ሥሩ ገቡ፤ መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ በቁልፍ እየቆረቆሩ ከፊት እስከ ኋላ ሄዱ።

እሳቸው ሥሩ ሳሉ እኔ ውስጡን ልይ ብዬ ገባሁ። መጋረጃዎቹ በእጅ የተሰፉ ነበሩ። ጠረጴዛው ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል። ሽንት ቤቱ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ነው። ተንሸራታቹን በር ሳብኩት፤ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ የመንገዱ ጫጫታ ጠፋ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ በር ዘግቼ ብቻዬን የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነበር። እግሬን የሚነካ የለም። እዚያች ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ብቆይ ነው፤ ስወጣ ግን የገባሁት ሰውዬ አልነበርኩም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪና መግዛት በሐሳቤም አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። ሌባም የሚምለው እንዲህ ብሎ ነው መሰለኝ።

ጋሽ ወልዴ ከሥር ወጥተው ጀርባቸውን እያራገፉ ነበር። ፊታቸው በርቷል። «ንገረው» አሉኝ፤ «ለሚስቴ ነው በለው። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሕመም አለባት፤ ሽንት ቤቱ የሚፈለገው ለዚያ ነው በለው።» ይህንን በታማኝነት አስተረጎምኩ። ሚስተር ጎርደን እሳቸውን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ከዓመታት በፊት ተበይዷል፤ ልደብቃቸው አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ግን የየዓመቱን ምርመራ አልፏል። ደኅና መኪና ነው። ለባለቤታቸው ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ሥሩ ዝጓል ይላል» አልኳቸው። «ብየዳና ቀለም ሸፍኖት ነው እንጂ ሻንሲው ተበልቷል። የዘንድሮን ቦሎ አያልፍም፤ ሩቅ መንገድ ሰው ይዤበት አልሄድም ይላል።»

«እኔ ስቆረቁረው ደኅና ነው። ድምፁ ድፍን ነው።»

«እንግዲህ ራሱ ነው ያለው።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

እጃቸውን አንዴ፣ የቁልፋቸውን ጫፍ አንዴ አዩ። በገዛ እጃቸው የነኩትንና በእኔ አፍ የሰሙትን ሲያመዛዝኑ አየኋቸው። ያመኑት እኔን ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ይኸው ነው። ወደ ሚስተር ጎርደን ሄደው ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንበስ አሉለት። «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ውስጥ ኖሬ፣ የሚሸጠውን ዕቃ ነውር በገዛ አፉ የሚናገር ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ሚስተር ጎርደን ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «ያመሰግኑሃል፤ ያስቡበታል» አልኩት።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ፣ ለኮሌጅ ያጠራቀምኳትን ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። ሚስተር ጎርደን፣ ጋሽ ወልዴ አባቴ እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ አጎቴ ናቸው፣ እኔን ልከውኝ ነው አልኩት። ለሚስታቸው ነው ብሎ ከተባለውም ዋጋ ቀነሰልኝ። ቁልፉን ከሰጠኝ በኋላ ወደ ቤት ገብቶ የሟች ሚስቱን የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ፤ «ለእመቤቲቱ ጉልበት፤ ባሕር ዳር ይነፍሳል» አለ። ያን ምሽት ብርድ ልብሱን ለብሼ መኪናው ውስጥ ተኛሁ።

ራሴን የማጽናናበት አላጣሁም። ለንደን ውስጥ መኪና ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ለጋሽ ወልዴ የተሻለ አገኛለሁ እል ነበር። በእርግጥም እሑድ አዲስ ማስታወቂያ ይዤ ወጣሁላቸው። አላዩትም። «ተወው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ድፍን ነው ያልኩት ሻንሲ ተበልቶ ከተገኘ፣ እጄ ማወቅ ትቷል ማለት ነው። በማላውቀው መኪና አስካለን አልጭንም።» ይህንን አላሰብኩም ነበር። እኔ የወሰድኩት አንድ መኪና ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሰውየው በገዛ እጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነትም ጨምሬ ወስጄባቸዋለሁ። ሆኖም ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ማስታወቂያውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

መኪናውን ብሪክስተን ሳላደርስ፣ ክሮይደን አካባቢ አንድ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ እያቆምኩ ከረምኩ። ባሕር ዳርም ወሰድኩት፤ ከጓደኞቼ ጋር ዓሣና ድንች በወረቀት ጠቅልለን በላን። አልጣመኝም። ሽንት ቤቱን በከፈትኩ ቁጥር እትዬ አስካለ ትዝ ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ጸጸት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ፍልሰታ እንደተፈታ አልቻልኩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሕር ልውሰዳችሁ፣ መኪና ገዝቻለሁ አልኳቸው። ጋሽ ወልዴ ሲያዩት ይገባቸዋል፣ ይቆጡኛል፣ ቃል ሳላወጣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ፈሪ ይቅርታም ሲጠይቅ አቋራጭ ይፈልጋል።

መኪናውን ከሕንፃው ፊት አቆምኩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በአይስክሬም ዕቃ ይዘው ወረዱ። ጋሽ ወልዴ ከኋላቸው ነበሩ። መኪናውን ሲያዩ ቆሙ። የእሑድ ልብሳቸውን ሳያወልቁ አስፋልቱ ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ቁልፋቸውን አውጥተው ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ቆረቆሩት። ብየዳው ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ መቱት። ድፍን ነው። እኔም ሰማሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ዓይኔን አዩኝ። ስድቡን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አስካለ፣ ሥሩ ዝጓል» አሏቸው። «በዚህ አልወስድሽም። ነይ እንውጣ።»

እትዬ አስካለ ደነገጡ፤ የደነገጡት ግን ለእኔ ነበር። «አንተስ ልጄ፣ እንዲህ ባለ መኪና ትሄዳለህ?» አሉ ክንዴን ይዘው። «እናትህ እኮ ሩቅ ናት። ስትገዛው አብሮህ የሚያይ ሰው አጥተህ አታለሉህ?»

«ይጠነቀቃል» አሉ ጋሽ ወልዴ።

እትዬ አስካለ የአይስክሬሙን ዕቃ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ ብለው መረቁኝና በቀስታ ወደ ደረጃው ተመለሱ። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወልዴ ለምንም ነገር አልጠሩኝም። ደብተር ገዝተው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ገቡ አሉ። ስንገናኝ ሰላምታቸው አልጎደለም፤ «አፌ» ግን ቀረ። መኪናውን ለመሸጥ ዓመት ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ባገኙኝ ቁጥር፣ «ያንን ነገር ሸጥከው?» ይሉኛል። ገና ነኝ ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ወልዴ አጠገባቸው ቆመው ወደ መሬት ያያሉ፤ አንድም ቀን አልነገሯቸውም።

እትዬ አስካለ ባሕር ሳያዩ አረፉ። ጋሽ ወልዴ ዛሬም አሉ፤ የሠራሁትን ስለሚያውቁ ፊታቸው ስቆም ቢያንስ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ፊት እቆማለሁ። ለልጄ መኪና እገዛለሁ አልገዛም፣ አላውቅም። ከጸጸቱ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። በለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤታቸው አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አንተ መስፍን ነህ?» አለችኝ። «ባለመኪናው? ስምህን በየማታው በጸሎት ይጠሩት ነበር።» እትዬ አስካለ ማታ ማታ በደከመ ጉልበታቸው ተንበርክከው ይለምኑ የነበረው፣ እኔ በገዛ አፌ ከፈጠርኩት ዝገት እግዚአብሔር እንዲያድነኝ ነበር።