ረጅም እግር ያላት ፊደል

ባለፈው ሳምንት አስኮ፣ ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት የእንቅርት መድኃኒቴን ልገዛ ሄጄ ከሻጯ ልጅ ጋር ልንጣላ ትንሽ ቀረን። «ሃምሳ ማይክሮግራም ነው» ብላ ሰጠችኝ። «እርግጠኛ ነሽ? ሚሊ እንዳይሆን?» አልኳት። ካርቶኑን አዙራ አሳየችኝ። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩና መልሼ ጠየቅኳት። «ማዘር፣ ሦስተኛዎ እኮ ነው» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ይሳቁ፤ እኔ ያየሁትን አላዩ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጦር ኃይሎች፣ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት በነበረ የጽሕፈትና የጥረዛ ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ዘነበ ይባላሉ፤ ጮክ ብለው የሚናገሩ ግን የዋህ ሰው ነበሩ። ሰኔ ሲገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍሎፒ ዲስካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከዝናቡ እየሸሹ፣ ጭቃቸውን በራችን ላይ እየጠረጉ ይጎርፋሉ። ቤቱ የእርጥብ ካፖርትና የማጣበቂያ ሽታ ይሸታል። ሁሉም ለነገ ይድረስልኝ ባይ ነው።

ያን ሳምንት አራት የማስተርስ ጥናት እጄ ላይ ነበር። ብሩክ የሚባል የፊዚክስ ተማሪ ስለ ከዋክብት ሆድ ዕቃ ይጽፋል። አንድ ዝምተኛ ልጅ የውጭ ንግዳችን ጉድለት ለምን እንደማይሞላ ይተነትናል። ከረባት የማይለየው የሕግ ተማሪ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ያልሆነበትን ቦታ የመተርጎም ሥልጣን የማን እንደሆነ ሁለት መቶ ገጽ ጽፏል። አራተኛዋ ወይዘሮ ሰናይት ናቸው፤ አርባ የሚሆናቸው፣ ሆስፒታል የሚሠሩ ፋርማሲስት። ሁሉንም እኔ ተይቤአለሁ፤ አንዱም አልገባኝም። ጣቴ ምሁር ነበር፣ ጭንቅላቴ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል።

ከአራቱ የምወዳቸው ወይዘሮ ሰናይትን ነበር። በመጡ ቁጥር ትኩስ ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ ይመጣሉ። ጥናታቸው ለጨቅላ ሕፃናት በሚሰጥ የልብ መድኃኒት ላይ ነው። መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ በማይክሮግራም ነው የሚለካው፤ ትንሽ ካለፈ ይገድላል። ከጥናቱ መጨረሻ አንዲት ገጽ ሰንጠረዥ አለች፣ ይህን ያህል ለሚመዝን ሕፃን ይህን ያህል የምትል። እሷን ለብቻ አትሜ ላሚኔት እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ።

«ቅዳሜ የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ነርሶቹ እሷን እያዩ ነው የሚሰጡት» አሉኝ። «ትርሲትዬ፣ በአንቺም እጅ ሕፃን ይድናል ማለት ነው።»

ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። ሰንጠረዡን በድርብ መስመር አስጌጥኩት።

ዓርብ ዕለት ግን አማካሪያቸው ጽሑፉ ሁሉ በአንድ ዓይነት የፊደል ቅርጽ ይሁን ብሎ መለሰባቸው። የብሩክም እንዲሁ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሁሉንም መርጬ በአንድ ጊዜ ቀየርኩት። አሳትሜ፣ ጠርዤ፣ የወይዘሮ ሰናይትን ሰንጠረዥም በፕላስቲክ ለብጬ፣ ለሁለቱም አስረከብኩ።

ሰኞ ጠዋት ብሩክ የተጠረዘ ጥናቱን ታቅፎ መጣ።

«ትርሲት፣ ከዋክብቶቼን ምን አደረግሻቸው?»

ገለጥኩት። የግሪክ ፊደሎቹ ሁሉ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነዋል። ያኔ እነዚያ ፊደሎች ሲምቦል በሚባል ልዩ ቅርጽ ነበር የሚጻፉት፤ ቅርጹን የቀየሩት እንደሆነ ይጠፋሉ። ሳቄ መጣ። የከዋክብት ነገር ማንን ይገድላል? ብሩክ በጣቱ አንዷን አሳየኝ፤ «ይቺ ረጅም እግር ያላት ነበረች፣ አሁን ኤም ሆናለች» አለ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ረጅም እግር ያላትን ፊደል አውቃታለሁ። የማይክሮ ምልክት ናት። በወይዘሮ ሰናይት ሰንጠረዥ ውስጥ በየመስመሩ ነበረች።

ፋይሉን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች «ኤምጂ»፣ ሚሊግራም ይላል። የብሩክ ስህተት ዓይን ያወጣል፤ ይሄኛው ግን ትክክለኛ ነገር ይመስላል። «ማይክሮ ሚሊ ቢሆን ስንት እጥፍ ነው?» አልኩት። «ሺህ» አለኝ።

ጋሽ ዘነበ የማስረከቢያ ደብተሩን አወጡ። «አንብቤ ተረክቤያለሁ ብለው ፈርመዋል፤ እኛ የለንበትም። ደውዪላቸው፣ ካላነሱ ዝም በይ። ከአንድ ሕግ አዋቂ ጋር ሳትማከሪ እንዳትናገሪ» አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ወይዘሮ ሰናይት ቤትም ሆስፒታልም ደወልኩ፣ አይነሳም። የሕግ ተማሪው ጥራዙን ሊወስድ መጥቶ ነበርና እሱን ለመንኩት፤ ያስሩኛል ወይ ብዬ። ከረባቱን እያስተካከለ «እሱ የወንጀል ሕግ ነው፤ የእኔ ሕገ መንግሥት ነው» አለኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች። ልጁ ቀሚሴን ይጎትታል፤ እኔ ዞሬ ማየት አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃቴ ግማሹ ለሕፃናቱ ነበር፣ ግማሹ ለራሴ።

የሕፃናት ክፍል ስገባ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰንጠረዤ ግድግዳው ላይ ከነድርብ መስመሯ ታበራለች። ገነጠልኳት።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?» አለች የእኔ እኩያ የምትሆን ነርስ።

ነገርኳት። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ትናንት ከሰዓት አንዲት የአራት ወር ሕፃን ገባች» አለችኝ። «ሐኪሙ በሰንጠረዡ መሠረት ይሰጣት ብሎ ጻፈ። ሳሰላው ያለንን ብልቃጥ ሁሉ ብሰብር አይሞላም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ደጋግሜ አሰላሁ። እንዲህ ባማረ ወረቀት የታተመ ነገር ይሳሳታል?»

«ሰጠሻት?»

«አልሰጠሁም። መጠየቅም አፈርኩ። እስካሁን መድኃኒት ሳታገኝ ነው ያለችው።»

ወይዘሮ ሰናይት ተጠርተው መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው በየመስመሩ ጣታቸውን አሳለፉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔ ራሴ።» ከዚያ ትክክለኛውን መጠን በእጃቸው ጽፈው ሰጡና ነርሷ እየሮጠች ገባች። በመስታወቱ በኩል ሕፃኗን አየኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። እናቷ ሳታውቀኝ በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝ።

«ቆይተሽ እያት» አሉኝ ወይዘሮ ሰናይት። «ካልሆነም ነገ ነይ።»

«ነገ እመጣለሁ» አልኩ። አልሄድኩም።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሰናይት ሱቃችን መጡ። በመስኮት አየኋቸውና ከወረቀት ክምሩ ኋላ ገብቼ ተደበቅኩ። ፊታቸውን ለማየት እንኳ አልደፈርኩም፤ ከፊታቸው ላይ መልሱን አነበዋለሁ ብዬ። ከሄዱ በኋላ ጋሽ ዘነበ «ስለዚያች ልጅ እኮ…» ብለው ሲጀምሩ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። «በእናትዎ አይንገሩኝ» አልኳቸው። አዩኝና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። በሐምሌ ሥራውን ለቀቅሁ። እሳቸውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ።

ነርሷ መጠየቅ አፍራ ሕፃኗን መድኃኒት አሳጣቻት ብዬ ስፈርድባት ኖሬያለሁ። በየትኛው አፌ። ዘንድሮ በመስከረም ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ወይዘሮ ሰናይትን አየኋቸው፤ ሸብተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ግን እሳቸው ናቸው። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወዴት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ ፊቴ የቆመው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ያች ልጅ ድና ዛሬ የልጅ እናት ሆና ይሆናል፤ ያን ሐሙስ ሊያበሥሩኝ መጥተው ይሆናል። ግን ባይሆንስ? እስካልጠየቅሁ ድረስ አልሞተችም።