ሁለተኛዋ መኪና የት ገባች?

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ካቻምና ጥቅምት ላይ ነው። ሱሉልታ ላይ ሣር የሚታጨድበት ሰሞን ስለነበር ወሩን አልረሳውም። ዛሬም ሰው «መኪናችሁን በስንት ገዛችኋት?» ሲለኝ ከመልሴ በፊት ሳቄ ይቀድማል። ያን ሰሞን ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

የምንኖረው ሰበታ ተከራይተን ነው። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ቶሎሳ ደግሞ እዚያው ሰበታ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። እሱ በእግሩ ሥራው ይደርሳል፤ የታክሲው መከራ የእኔ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሆዴ ገፋ ሲል «በቃ፣ መኪና እንግዛ» ተባባልን።

ዕቁብ ወጣልኝ፤ የጎደለውን ከባንክ ተበደርን። የቶሎሳ አባት ኦቦ ደበላ ደግሞ ሱሉልታ ካሏቸው ላሞች አንዷን ሸጠው ጨመሩልን። እኛ አልጠየቅናቸውም። «የልጅ ልጄ ታክሲ ውስጥ ሲጋፋ አይወለድም» ብለው በራሳቸው ነው ያደረጉት። በመጨረሻ ከቻይና የመጣች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ትንሽ ነጭ አዲስ መኪና ገዛን። የሻጮቹ ሹፌር ራሱ ግቢያችን ድረስ አምጥቶ አቆመልን።

የቶሎሳ ቤተሰብ ውስጥ አዲስ ነገር በአባት ሳይመረቅ ሥራ አይጀምርም። አዲስ ቤት አይገባበትም፤ አዲስ በሬ አይጠመድም። መኪናም ያው ነው። ስለዚህ እሑድ ዕለት በግ አርደን ጎረቤት ጠራን። የቶሎሳ አለቃ፣ ቻይናዊው ሚስተር ሊ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ መጣ። ሰውዬው ሰበታ ብዙ ስለቆየ አማርኛውም ኦሮምኛውም ያግባባዋል፤ ሽሮ ላይ ሚጥሚጣ ጨምሮ የሚበላ ሰው ነው። መዋሸት ግን አይችልበትም። ጉዳችን የመጣውም ከዚሁ ነው።

ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከመኪናዋ ፊት ቆመዋል። እኛም እጃችንን ዘርግተን «አሜን» ለማለት ተዘጋጅተናል። ይሄኔ ሚስተር ሊ መኪናዋን ልብ ብሎ አየና በደስታ ጮኸ።

«ይቺ የኔ መኪና! እኔ ቤት አንድ ዓይነት!»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። እውነትም ባለቤቱ አገሯ ላይ ከዚህችው መኪና ጎን ቆማለች፤ ቀለሙ እንኳ ያው ነው። ሁላችንም ደስ አለን። ኦቦ ደበላም ደስ ብሏቸው ስልኩን ተቀብለው ካዩ በኋላ ጠየቁ።

«እናንተ ጋ በስንት ትሸጣለች?»

ቶሎሳ ከአባቱ ጀርባ ሆኖ ለሚስተር ሊ በዓይኑም በእጁም ምልክት ይሰጣል። ሚስተር ሊ ግን አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ እያሰላ ነበር።

«እናንተ በከፈላችሁ ብር፣» አለ ፈገግ ብሎ፣ «እኛ ጋ ሁለት ይገዛል።»

ኦቦ ደበላ መኪናዋን አዩ፤ ከመኪናዋ ጎን ያለውን ባዶ ቦታም አዩት።

«ሁለተኛዋ ታዲያ የት ገባች?»

ይህን ብለው ሣሩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት።

«ወይ ልጄን አታለውታል፤ ወይ ልጄ እኔን አታሎኛል። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ እጄን አልዘረጋም» አሉ።

በጉን ግን አልተቀየሙትም። ደህና አድርገው ምሳቸውን በሉና ወደ ሱሉልታ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቶሎሳ «አባቴ ያልመረቃትን መኪና አልነዳም፤ አንቺም አትነጂም» አለ። እኔ እንደሆነ ትዕግሥት ብዙም አልፈጠረብኝም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት፤ ወይ ፍንክች! መኪናችን ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቀረች። የአከራያችን ዶሮዎች ጥላዋን ወደዱት። እኔም በየጠዋቱ በዶሮዎቹና በአዲሷ መኪናዬ አጠገብ አልፌ፣ ሆዴን ይዤ ወደ ታክሲ ሰልፍ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ «መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?» ሲሉኝ «የለም፣ አልተመረቀችም» እላቸዋለሁ።

ቶሎሳ ማታ ማታ ስልክ ደውሎ አባቱን ለማስረዳት ይለፋል። እኔ አጠገቡ ሆኜ እሰማለሁ።

«አባ፣ ቀረጥ አለ። ለኤሌክትሪክ መኪና ቀለል ብሏል እንጂ ጨርሶ አልቀረም።»

«መንግሥት ግማሽ መኪና ምን ያደርግለታል?»

«ባሕር አቋርጣ በመርከብ ነው የመጣችው። ከጅቡቲ ደግሞ በከባድ መኪና ተጭና ነው።»

«ራሷ መኪና ሆና ሳለች በሌላ መኪና ትጫናለች? ጎማ የላትም?»

«ዶላሩም ተወዷል፣ አባ።»

«እኔ ላሜን የሸጥኩት በዶላር አይደለም።»

እኔ አፌን በነጠላዬ አፍኜ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ቶሎሳ ስልኩን ዘግቶ እንደተቀመጠ ፊቱን አየሁት። «አባቴ እንደ ሌባ ያስበኛል» አለኝ። የዚያን ቀን የታክሲው ሰልፍ ተረሳኝ፤ እሱ ብቻ አንጀቴን በላው።

ሚስተር ሊም ጥፋቱ ስለገባው ሌላ ፌስታል ብርቱካን ይዞ መጣ። እንደነገረን ከሆነ እሱ አገር የመኪናው ፋብሪካ ከከተማው ጫፍ ነው፤ ሠሪውም ብዙ ስለሆነ ገዢ እንዳያመልጠው እየተሽቀዳደመ ዋጋ ይሰብራል። እዚህ ግን አስመጪው የሚያመጣት መኪና ጥቂት ናት፤ የሱቁን ኪራይም፣ የሠራተኛውን ደመወዝም፣ ትርፉንም በእነዚያው ጥቂቶች ላይ ይከምረዋል። «እውነት ነው፤ ግን አባባ አያምኑም» አለ አዝኖ። ብርቱካኑን በላን እንጂ መላ አላገኘንም።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ዓለም ገና ላይ ታክሲ ለመግባት ስጋፋ አንድ እግር ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ታክሲው ሄደ፤ እኔም ሄድኩ፤ ጫማው ብቻ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ማታ ቤት ስገባ ለቶሎሳ ቁርጡን ነገርኩት። «እሑድ ሱሉልታ እንሄዳለን። ወይ ይመርቋታል፣ ወይ ሸጠን የላማቸውን እንመልሳለን።»

እሑድ በታክሲ አዲስ አበባን አቋርጠን ሱሉልታ ስንደርስ ኦቦ ደበላ ሜዳው ላይ ነበሩ። ኑሯቸው ድርቆሽ መሸጥ ነው። አንድ አይሱዙ ቆሞ እስር እስሩ ድርቆሽ ይጫንበታል። እኛን ሲያዩ «አካም ጅርቱ?» ብለው ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ሰጡንና ወደ ገዢያቸው ዞሩ። ገዢው ከቡራዩ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ የወተት ላሞች አሉት። ራሱ ሱሉልታ ድረስ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። በጣም ተናዷል።

«እስከ ዛሬ ቡራዩ ካለው ነጋዴ ነበር የምገዛው» ይላል። «ይኼንኑ ድርቆሽ! ከዚሁ ከእርስዎ ሜዳ የሄደውን! እሱ አንድ እስር በሚሸጥልኝ ብር እዚህ ሁለት ይገዛል። ሌባ ነው ለካ ሰውዬው!»

የቡራዩው ነጋዴ የኦቦ ደበላ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ነው። እሳቸውም ተቆጡ።

«አትሳደብ! ሌባ አይደለም። አይሱዙ በነፃ ይሄዳል? ጫኝ አለ፤ አውራጅ አለ፤ ደላላው እጁን ይዘረጋል። ኬላ ላይም ይከፈላል። ዝናብ ያበላሸበትን ማን ይተካለታል? ቡራዩ ላይ ድርቆሽ የሚሸጠው እሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨመር ያደርጋል፤ እሱም ልጆች አሉት። ድርቆሹማ አንድ ነው። ያስወደደው መንገዱ ነው!»

ቶሎሳን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሳቄን ልውጠው ሞከርኩ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ወደ ተራራው ዞርኩ፤ አልሆነም። ፈነዳሁ።

በዚያ ቤት ምራት በአማቷ ፊት ድምፅ አታሰማም። እኔ እንኳ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ፣ እዚህ ላይ ስማቸውን መጻፌን አይስሙብኝ እንጂ፣ ፊት ለፊት ጠርቼው አላውቅም። ገዢያቸው ፊት በሳቅ መንፈርፈሬ ትልቅ ነውር ነበር። ጫኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ቶሎሳ ደነገጠ። እኔም ሳቁ ወዲያው ጠፍቶ ፍርሃት መጣብኝ።

«ምን አሳቀሽ ልጄ?» አሉኝ ኮስተር ብለው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛዋን መኪና አገኘኋት።»

«የት?»

«እዚያ፣ አይሱዙው ላይ እየተጫነች ነው።»

አይሱዙውን አዩት። የቡራዩውን ሰው አዩት። ከዚያ ቶሎሳን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። የቡራዩው ሰው «የምን መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ደበላ ቀስ ብለው አንድ እስር ድርቆሽ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው አልዋሸኸኝም» አሉት ለልጃቸው።

«አባ፣ አንድም ቃል አልዋሸሁም።»

«እኔ መኪናው ተወዶብኝ አይደለም። ላሟም ብትሆን ላም ናት። ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየ የሚዋሽ ሰው ሆነብኝ ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ እንባዬ መጣ፤ እርጉዝ ነኝና አላፈርኩበትም። የቡራዩው ሰው ጭምር ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ዓይኑን ጠረገ።

ኦቦ ደበላ ከጋቢያቸው ላይ ሣሩን እያራገፉ ተነሡ። «ቆይ ቆይ» አሉ። «መርከቡ ድርሻውን ወስዷል። መንግሥትም፣ ነጋዴውም፣ ሹፌሩም ወስደዋል። ላም ሸጬ ባዶ እጄን የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ቀረጥ አለኝ።»

የባንኩ ብድር ትዝ አለኝ።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ እሑድ እዚህ ትመጣላችሁ። ልጁም ሲወለድ አብሮ ይመጣል። ‹ሱሉልታ ሩቅ ነው› የሚል ወሬ ከእንግዲህ አልሰማም። ቀረጤ ይኸው ነው» አሉ።

«እሺ» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«በሉ አሁኑኑ መኪናዋን አምጧት፤ ልመርቃት።»

«ሳትመረቅ እንዴት እነዳታለሁ አባ?» አለ ቶሎሳ።

ይህን ጊዜ እሳቸውም ሳቁ። ምርጫ ስላልነበራቸው ሜዳው ጫፍ ካለው ውኃ ዳር እርጥብ ሣር አጭደው፣ በእቅፋቸው ሞልተው ከእኛ ጋር ታክሲ ተሳፈሩ። ረዳቱ «አባባ፣ ሣሩ ወንበር ይዟል፤ ይክፈል» ብሎ ቀለደባቸው። ለተሳፋሪው ሁሉ ታሪኩን ነገሩት። ሰበታ እስክንደርስ የየታክሲው ሰው ሲስቅ ነው የመጣው።

ዶሮዎቹን አባረን ሸራውን ገለጥን። ቶሎሳ ለሚስተር ሊ ደውሎለት እሱም እየሮጠ መጣ። ኦቦ ደበላ ሣሩን ዘርግተው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀሉ መረቁ። «ሆራ ቡላ! ርቡ፣ ኑሩ! በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ። በመንገድ የበሏት ይብቃቸው፤ ከእንግዲህ እናንተ ብሏት!» «አሜን!» አልን። ከሁሉም በላይ የጮኸው ሚስተር ሊ ነበር። ቶሎሳ ግን ስልኩን አስቀድሞ ተቀብሎታል።

ልጃችን በሰላም ተወለደች፤ ሴት ናት። ይህችው መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ ይህችው ሁለታችንንም ቤት አመጣችን። ቀረጡንም እንከፍላለን። አንዳንድ እሑድ ድካም ይዞን ስንዘገይ ስልክ ይደወላል፤ «ቀረጤ የት ቀረ?» ይላሉ። ስንመለስ የኋላው ዕቃ መጫኛ በወተትና በድንች ይሞላል። የድርቆሹን ብናኝ ጠርጌ ጠርጌ ስላልቻልኩ ትቼዋለሁ።

መኪናዋ ሌላ አገር በግማሽ ዋጋ እንደምትሸጥ ዛሬም አውቃለሁ። ያኔ ያስቆጨኝ ነበር፤ አሁን ግን አይቆጨኝም። ከከፈልነው ቀረጥ ሁሉ የሱሉልታው ብቻ እንዳይነሣብኝ ነው የምፈልገው።

ባለፈው እሑድ ኦቦ ደበላ ልጃችንን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በቆመችው መኪና ውስጥ መሪ ያስይዟት ነበር። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ሳቀ።

«ሁለተኛዋስ የት ገባች?» አሉኝ ልጅቷን እያሳዩኝ።

ለቶሎሳ እንኳ ገና አልነገርኩትም ነበር።

«መንገድ ላይ ናት፣ አባባ» አልኳቸው።