የሙሐመድኑር ቆርቆሮ

መካነ ሰላም ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ የመካኒኩን የሙሐመድኑርን «ለጊዜው» ያውቃታል። መለዋወጫ ከደሴ እስኪመጣ ከጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ ይሰካና «ለጊዜው ነው፣ ደሴ ስትደርስ አስቀይር» ብሎ ይሸኛል። ማን አስቀይሮ ያውቃል! መኪናው ከሄደ ሄደ ነው። እሱም አንድ ቀን «አስቀየርክ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ ልብስ እሰፋለሁ። ስንቱን ቆርቆሮ በእኔ መቀስ እንደቆረጠ አላህ ይወቀው። መቀሴም ለጨርቅ አልሆን ብሎኝ ቀርቷል።

ሐሙስ ጠዋት ግን መኪናው የራሱ ጉዳይ ሆነ። የልጁ የሀያት ኒካ በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ወረኢሉ፣ አጎቷ ቤት ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ከሰኞ ጀምሮ ቆመዋል። በእግር እንዳይሞክረው ጉልበቱ አይችልም። ነዳጅ ቆጥቦ ያስቀመጠ የገብስ ነጋዴው ንጉሡ ብቻ ነበር፣ ሊያደርሰውም ቃል ገብቶለታል፤ የእሱም አሮጌ ፒካፕ ሞተሯ ይንኳኳ ጀመር።

«ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ ምን እንሆናለን!» አለ ንጉሡ።

ሙሐመድኑር ሥሯ ገባ፤ እዚያ ያየውን ኋላ ነው የነገረኝ። ዘይቱን አፈሰሰ፣ የሞተሩን ሆድ ፈታ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ ብረት፣ ብሮንዚኑን፣ አወጣ። ከጀርባው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ቁራጭ ወደቀ። ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለሙ ገና አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ራሱ የሰካው ነው። ተንሸራቶ የዘይቱን ቀዳዳ ደፍኗል። ዘንጉ ላይ ጥፍሩን ቢያስኬድ ጥፍሩን ያዘው። ደግሞ ቢሞክር፣ ያው ነው።

እዚያው ተጋድሞ ቀረ። እኔ እግሮቹን ብቻ ነበር የማየው። ሲወጣ መቀሴን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። አንድ ጣሳ አንስቶ ብዙ አገላበጠው።

«ዘንጉ ተበልቷል፤ ያስበላሁት እኔ ነኝ» አለው ንጉሡን።

«ታዲያ ሌላ ቆርቆሮ ይግባበት! ወረኢሉ ድረስ ብቻ፣ ለጊዜው።»

«ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ ብትልስ? አንተም እኮ ልጆች አሉህ።»

መቀሴን ሳይቆርጥበት መለሰልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያዘንኩለት ሰው የለም። እስኪመሽ ከጋራዡ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያው ጋራዡ ተመላለሰ፤ ሚኒባሶቹ እንደቆሙ ናቸው።

በማግስቱ ከሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኒካውን የሚያስሩት ሸህ፣ ልጅ የሚድር አባት ነውና፣ በእሱ ቦታ ወንድሙን እንዲወክል ፈለጉ፤ መጀመሪያ ግን ስልኩን ለሀያት ሰጧት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አላት። «ለጊዜው አጎትሽ ይቁምልሽ። እኔ ነዳጅ ሲመጣ...»

«አባ፣ ኒካ እኮ የሚታሰረው አንዴ ነው» አለች፣ እያለቀሰች።

ሙሐመድኑር ፒካፗ ላይ ተደገፈ። ሸሁ ስልኩን ተቀብለው «ወንድምህ እንዲድርልህ ወክለሃል?» አሉት።

«ወክያለሁ» አለ።