ቀይ ቀለም ያለቀበት ምርጫ

ጋሽ ብሩሽ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ለሰው መናገር ታክቶት አያውቅም። «ፓርቲ የሚባል ነገር ከምድረ ገጽ ይጥፋ!» ይላል። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። «እዚህ ጋ መሽናት ክልክል ነው» ከሚለው አንስቶ እስከ ጥርስ ሐኪሙ ግዙፍ ጥርስ ድረስ በከተማው ውስጥ እሱ ያልጻፈው፣ እሱ ያልሳለው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት መሰላል ላይ ስለኖረ ከሰው ጋር ሲያወራ ቁልቁል ማየት ለምዶበታል። እሱ ራሱ አጭር ባይሆን ኖሮ ንቀት ይመስልበት ነበር።

ፓርቲን የጠላው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ልብስ ሰፊ ነው፤ የፋኖስ ፓርቲ አባልም ነበር፤ ያውም ኮቱ ላይ ፋኖስ የጠለፈ አባል። የዛሬ ስድስት ዓመት በተደረገው ምርጫ ጋሽ ብሩሽ ለተቀናቃኙ ለጃንጥላ ፓርቲ ሦስት መቶ ጃንጥላ ሳለ። ሥራ ነው፣ ሳለ። ፋኖሶቹም ቢያዙት ፋኖስ ይስል ነበር፤ አላዘዙትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንዱ በር ሲከፍት ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ብሩሽ ወንድሙ ናፍቆታል። ከመንገዱ ማዶ ሲያስል የሰማው ቀን ፊደሉ ይጣመምበታል።

«ወንድሜን የበላብኝ ፓርቲ ነው» ይላል ለሚስቱ።

«እና ፓርቲ ቢቀር ተመልሶ ይመጣል?»

«በማግስቱ!»

ሚስቱ ተነሥታ ማጀት ትገባለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ስለኖረች ክርክር መቼ እንደሚተው ታውቃለች።

እንግዲህ የሰው ነገር፣ የተመኘውን አገኘ። ሁለቱ ፓርቲዎች የውሃ ቧንቧው በላይኛው መንገድ ይለፍ፣ የለም በታችኛው ይለፍ ሲባባሉ ቧንቧው መጋዘን ውስጥ ዝጎ ቀረ። ሕዝቡ መረረው። በየስብሰባው ጋሽ ብሩሽ እጁን ያወጣና ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፣ በኋላ ያጨበጭቡለት ጀመር፣ በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች። በሚቀጥለው የከተማ ምርጫ ፓርቲ የለም፤ የፈለገ በገዛ ስሙ ይወዳደር ተባለ። ጋሽ ብሩሽ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

አርባ ሰው ተመዘገበ፤ ልብስ ሰፊው ወንድሙም አንዱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ መራጭ ስላለ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ያስፈልጋል። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ብሩሽን አስጠራችው።

«አርባ ምልክት በአንድ ሳምንት» አለችው። «ፋኖስና ጃንጥላ እንዳላይ። አደራ፣ ትርጉም የሌለው ተራ ዕቃ ይሁን፤ በዕጣ ነው የምናድለው።»

«ትርጉም የሌለው ነገር መሳል ለእኔ ተይው» አላት።

ያ ሳምንት ዝናቡ አላባራ አለ። ጋሽ ብሩሽ ማጀት ገብቶ ቁጭ አለና ዓይኑ ያረፈበትን መሳል ጀመረ፤ ድስት፣ ጭልፋ፣ ወንፊት፣ መጥበሻ፣ ማንኪያ። ሚስቱ «ስለህ ስትጨርስ ድስቴን መልስልኝ፣ ምሳ በመዳፌ ነው የምሠራልህ?» ትለዋለች። ሃያኛው ላይ ቀይ ቀለሙ አለቀ። ቀለም ቤት ሄደ፤ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው። እሱን ገዝቶ ወደ ሱቁ ገባና እዚያ የተንጠለጠለውን ሳለ፤ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መሰርሰሪያ። ሃያ ቀይ የማጀት ዕቃ፣ ሃያ ሰማያዊ የእጅ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ኃላፊዋ ቆጠረች፤ አርባ ሞላ፤ ፈረመች። ልብስ ሰፊው በዕጣ ወንፊት ደረሰው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። ጋሽ ብሩሽ በየማለዳው ሱቁን ይጠርጋል፣ ለእንግዳ የሚሆነውን ወንበር ከቀለም ያጸዳል፣ ማዶ ማዶውን ያያል። ወንድሙ መንገዱን አልተሻገረም። «ዘመቻ ላይ ስለሆነ ነው» አለ ለሚስቱ።

በሁለተኛው ሳምንት ድስት የተባሉት ባለ ወፍጮ ቤትና ጭልፋ የተባለችው አዋላጅ ነርስ አንድ መድረክ ላይ ወጡ። «ድስት ያለ ጭልፋ ምን ያደርጋል?» አሉ። ሕዝቡ እውነት ነው አለ። በነጋታው መጥበሻው ተጨመረ። ሰማያዊዎቹ ይሄን አይተው ዝም ይላሉ እንዴ? «ድስቱን ቀጥቅጦ ድስት ያደረገው ማን ሆነና!» ብለው መዶሻና ጉጠት ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። መምህሩ ብቻ፣ ሞረድ የደረሰው፣ «እኔ ራሴን ችዬ ነው የምወዳደረው» ብሎ ቆመ። ስብሰባው ላይ የተገኙት እናቱ ብቻ ናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ከተማው ማጀቶችና መዶሻዎች ተብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቀይ ሻርፕ ያደረገ ሰው ሰማያዊ በር ካለው ሱቅ ዳቦ አይገዛም። ቧንቧው በላይ በኩል ይለፍ የሚሉት ማጀቶች ናቸው፣ በታች የሚሉት መዶሻዎች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሃያዎቹ ቀዮች ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። «ይሄ ፓርቲ አይደለም፣ መተባበር ነው» አሉ፤ ማኅተም ግን አስቀረጹ። ሊቀመንበር አድርገው የመረጡት ወንፊትን ነው።

ይሄን ሲሰማ የጋሽ ብሩሽ ደሙ ፈላ። ብሩሹን ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መንገዱን ተሻገረ።

«ጋሼ!» አለ በሩ ላይ ቆሞ። ስድስት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ቃል ነው።

ወንድሙ የስፌት መኪናውን አላቆመም። «ወንፊቱ ጥሩ ነው» አለ። «ቀዳዳው ትንሽ በዛ እንጂ።»

«ፓርቲ ይቅር እያልኩ የጮህኩት ለማን ብዬ ነው? ላንተ ብዬ አይደለም እንዴ! ተገላገልን ስል አንተ ደግሞ ሊቀመንበር ትሆናለህ?»

«ለእኔ ማለት?»

«የለያየን እሱ አይደል? ጃንጥላ ስለሳልኩ አይደል የተቀየምከኝ?»

መኪናው ቆመ። ወንድሙ መነጽሩን አወለቀና ጨርቁ ላይ አስቀመጠው።

«የዛሬ ስድስት ዓመት ባለቤቴ አሥራ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ስትውል አንድ ቀን በዚህ በር ገብተሃል?» አለው። «ከሱቅህ እስከዚህ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

ጋሽ ብሩሽ ዞሮ ወደ ሱቁ አየ። «ሥራ ተደራርቦብኝ… ሦስት መቶ ጃንጥላ ነበር እኮ… ቀብሯ ላይ ግን ነበርኩ ጋሼ።»

«ቀብርማ ማን ቀረ? ሁለቱም ፓርቲ መጥቷል።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ብትነግረኝ? ምነው ብትሰድበኝ?»

«ሰው ሲጠይቀኝስ ምን ልበል? ወንድሜ ሚስቴ ስትሞት ዓይኗን አላየም ልበል? ያሳፍራል። ጃንጥላ ስሎብኝ ነው አልኩ። ሁሉም ወዲያው ገባው፤ ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም። ፓርቲ ባይኖር ኖሮ ምን እል እንደነበር አላውቅም።»

ጋሽ ብሩሽ የደንበኛ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊ እጁን ጭኖቹ ላይ አደረገ።

«በድዬሃለሁ ጋሼ» አለ።

«አዎ» አለ ወንድሙ።

«እሷስ… ስሜን ታነሣ ነበር?»

ወንድሙ መነጽሩን አንሥቶ ጠረገው እንጂ አላደረገውም። «በየቀኑ» አለ። «ምርጫው ይለፍ እንጂ ይመጣል እላት ነበር።»

ያ የጃንጥላው ምርጫ የተካሄደው ከተቀበረች በዘጠነኛው ቀን ነበር።