ሁለት ዓይን፣ አንዲት ግማሽ ክራውን

ሄዘል ኦልድሮይድ መጀመሪያ ልብ ያለችው አንገቱን ነው። ክሊፎርድ ሱግደን የብር ሳንቲም ሲያይ፣ ዶሮ መሬት ላይ የወደቀች ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱን ወደ ጎን ሰበር ማድረግ ጀምሯል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ሳንቲሟን ጠርዟን ብቻ በሁለት ጣቱ ይዞ ከመብራቱ ሥር ቀስ አድርጎ ያዘነብላታል፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ ሲሽከረከር ጠብቆ ቃሉን ይሰጣል፤ አለቀ። አሁን ግን አንዴ ቀኝ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዴ ግራውን፤ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ስሞታ ተራ በተራ የሚሰማ ሽማግሌ ይመስላል።

ዓይኖቹ በእርግጥም ተጣልተው ነበር። በሁለቱም ላይ ሞራ ተጋርዶባቸው ኖሯል። የቀኙ በቅርቡ ተገፈፈ፤ ለግራው ቀጠሮ ተይዞለታል። ሐኪሟ፣ «አቶ ሱግደን፣ እስከ ዛሬ ዓለምን ያዩት በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ቢጫውን እያበዛ ሰማያዊውን ይውጥብዎት ነበር» አለችው። አላመናትም። ቤቱ ገብቶ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ሲያይ ግን ከአጥር ማዶ ጎረቤቱን ሄዘልን ጮኾ ጠርቶ አስገባት።

«ማነው ወጥ ቤቴን ነጭ የቀባው?»

«ማንም። ሁልጊዜም ነጭ ነው።»

«የቅቤ መልክ ነበረው እኮ!»

«ቅቤውማ ዓይንህ ውስጥ ነበር፣ አንተ ሰውዬ» አለችውና ሳቀች።

እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፤ ፊቱ ላይ ጥላ አረፈ። ሄዘል ያሳሰበው ግድግዳው እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ሟች ሚስቱ ብሬንዳ የሰጠችው ግማሽ ክራውን፣ ያቺ አሮጌ የእንግሊዝ የብር ሳንቲም ነበረች።

በከተማቸው በኦትሊ የክሊፎርድን ዓይን የማያውቅ የለም። ገና በልጅነቱ ብራድፎርድ ከሚገኝ የሱፍ ፋብሪካ ገብቶ ሱፍ መራጭ ሆነ። በሰሜኑ መስኮት በሚገባው ብርሃን ሥር ቆሞ የበጉን ፀጉር በጣቱ እየለየ «ይሄ ከትከሻ ነው፣ ለኮት፤ ይሄ ከጭን ነው፣ ለምንጣፍ» ይል ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ። አንድ ዓርብ ከደመወዙ ፖስታ ውስጥ አንዲት አሮጌ ሽልንግ ወጣች፤ የጠቆረች፣ ጥቁረቷ ውስጥ ግን ሮዝና ወርቅ የተኛባት። ዳቦ ሊገዛባት ይችል ነበር። ኪሱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እንዳትፋጭ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ፋብሪካው ተዘግቶ መኖሪያ አፓርታማ ከሆነ ዘመን ቆጥሯል፤ ዓይኑ ግን ሥራ አልፈታም።

ሄዘል ደግሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ወደ ከተማው የአሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር የመጣችው የክሊፎርድን ሚስት ብሬንዳን ተከትላ፣ ለሻይና ለወሬ ብላ ነው። እሱ ግን ማንንም ሳያስተምር አይለቅም።

«ሳንቲሟ ላይ ያለችውን ንግሥት ተመልከቻት» አላት ያኔ፣ ማጉያ መነጽሩን እያቀበላት። «ሰው ሲያረጅ ቀድሞ የሚያልቅበት ምኑ ነው?»

«ትዕግሥቱ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ሳንቲም ግን ቀድሞ የሚያልቅባት ከፍ ያለው ቦታዋ ነው። ቅንድቧን እዪ። ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር እዪ። ፀጉሯ ክር በክር ከተለየ ብዙ ኪስ አላየችም። ከተድበሰበሰ ገበያ ለገበያ ኖራለች ማለት ነው። ነውር የለውም፤ ደረጃዋ ግን ዝቅ ይላል።»

ስለ ቀለም ሲያወራ ደግሞ ድምፁ እንደ ጸሎት ዝቅ ይላል። ብር ከእንጨት መሳቢያና ከአሮጌ ወረቀት ትንፋሽ ጋር መቶ ዓመት ሲተኛ ቀለም ያወጣል፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ማር፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በስተመጨረሻ ሰማያዊ። ምን ዓይነት ነገር ነው! ሌላው ዓለም ዝገት ብሎ የሚፈገፍገው ያው ነገር፣ ትንሽ ቢታገሡት ቀስተ ደመና ይሆናል። «እውነተኛው ከጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከፊደሎቹ ሥር ይሸሸጋል» ይላል ክሊፎርድ። «የውሸቱ ባልታጠበ ፊት ላይ እንደተለቀለቀ ቀለም ላይ ላዩን ይንሳፈፋል።» ሰው አሮጌ ብር በጨርቅ ፈግፍጎ አሳምሬ አመጣሁ ሲለው፣ የቢራቢሮ ክንፍ በጣቱ የጠረገ ልጅ እንዳየ ሁሉ ዝም ይላል።

የብሬንዳን ግማሽ ክራውን ማንም አልፈገፈጋትም። ብሬንዳ ጤነኛ በነበረችበት በመጨረሻው በጋ፣ ከሃሮጌት የሳንቲም ገበያ ራሷ መርጣ አመጣችለት። ክሊፎርድ ከመብራቱ ሥር አዘንብሎ አያት።

«ማር!» አለ። «ንጹሕ ማር ናት፣ ብሬንዳ!»

«ዳክዬ ናት» አለች ብሬንዳ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ዳክዬዬ እንዴት አደረች?» ትለው ነበር። እሱ ቀልዷ መሰለው፤ ዎርፍ ወንዝ ዳር ቆማ ለዳክዬዎች ዳቦ መወርወር ትወድ ነበርና። ሄዘል ሳንቲሟን ስታይ ጠርዟ ላይ የሚታያት ሰማያዊ ነገር ነው፤ ነገር ግን የማኅበሩ ዳኛ ክሊፎርድ ማር ካለ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰማያዊ በሙያቸው ማር ይሉታል ማለት ነው ብላ ተቀበለች። ብሬንዳ ካረፈች በኋላ ክሊፎርድ ራት በልቶ ሳይተኛ አንዴ መሳቢያውን ከፍቶ ማሩን ያያል። ለማንም አይነግርም፤ ሄዘል ግን በመስኮቷ መብራቱን ታያለች።

እና ያን ቀን ነጭ ሆኖ በቀረው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ አላት፦

«ሐሙስ አልሄድም።»

«የት ነው የማትሄደው?»

«ሆስፒታል። ግራው እንዳለ ይቅር።»

«እየጨለመብህ እኮ ነው! ባለፈው በዚያው በኩል ያለውን ደረጃ ስተህ አይደል በአፍጢምህ የተደፋኸው?»

«ቀኙ ለደረጃ ይበቃኛል።» ጣቶቹን አየ። «አዲሱን ዓይን እሷ ላይ አላሳረፍኩትም፤ አላሳርፍምም። ማሯ ሞራዬ ከሆነች፣ ሞራዬን ተዉልኝ።»

ሐኪሟ ከዘገየ እንደሚከፋ ነግራዋለች። ግን ሚስቱ የሰጠችውን የመጨረሻ ስጦታ ወርቅነት በገዛ ዓይኑ አጥፋ ብሎ የሚገፋ ሰው ምን ዓይነት ወዳጅ ነው? ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። እስከ ዛሬ የታያት ሰማያዊ የሙያ ቃል አልነበረም፤ እውነትም ሰማያዊ ነበር። ክሊፎርድ የሚያጣውን ብቻ ነው የሚያስበው፤ የሚያገኘውን ማንም አልነገረውም። ቢነግሩትስ መቼ ያምናል? ስለ ቀለም ከገዛ ዓይኑ በቀር የማንንም ምስክር ተቀብሎ አያውቅም።

ማክሰኞ ማታ የማኅበሩ የዓመቱ የቀለም ዋንጫ ነበር። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ውስጥ ሳንቲሞቹ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ፤ ቁጥር ብቻ፣ የባለቤት ስም የለም። ዳኛው፣ እንደ ወትሮው፣ ክሊፎርድ። ሄዘል የክሊፎርድን ድመት ለመመገብ የምትገባበት የቤቱ ቁልፍ እጇ ላይ ነበር። እሱ ሻይ ሊጠጣ ቀድሟት ወደ አዳራሹ ሲሄድ ቤቱ ገብታ መሳቢያውን ሳበች። ልቧ እንደ ሌባ ልብ ይመታ ነበር፤ ሌባም ነበረች። አዳራሹ ስትደርስ ግማሽ ክራውኗን ስድስተኛው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት።

«ዳኛው ዛሬ በየትኛው ዓይኑ ነው የሚፈርደው?» አለ ጡረተኛው የአውቶብስ ሾፌር ትሬቨር ፔል፣ ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ እየነከረ። በየዓመቱ ያችኑ አንዲት ሽልንግ እያመጣ በየዓመቱ የሚሸነፍ ሰው ነው።

«ለሁላችሁም ፍትሕ እንዲሆን በአዲሱ።»

«ተመስገን! እኔም ዘንድሮ ተስፋ አለኝ።»

«ምንም ተስፋ የለህም። ያንተዋ ጭቃ ናት።»

«ገና ሳታያት!»

«ከአንተ በላይ አይቻታለሁ፣ ወንድሜ።»

ክሊፎርድ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ጎንበስ አለ። አንደኛዋን አለፋት፤ «የታጠበች ናት»። ሁለተኛዋንም፤ «ቀለሟ ትናንት የተቀባ ነው፣ ማን እንዳመጣት አልጠይቅም»። አራተኛዋ ላይ ቆመ። ደጋግሞ አዘነበላት፤ ትሬቨርን በጎን አየት አደረገው። ስድስተኛዋን ሲያነሣ ሄዘል የሻይ ጀበናውን አጥብቃ ያዘች።

ክሊፎርድ ሳንቲሟን ከመብራቱ ሥር አዘነበላት። ግድግዳው ላይ ያለችው አሮጌ ማሞቂያ ብቻ ትንቋቋ ነበር።

«ይቺን የደበቀብን ማነው?» አለ ክሊፎርድ በመጨረሻ። ድምፁ ያ የጸሎቱ ድምፅ ሆኗል። «ፀጉሯ ክር በክር ነው። ከአክሊሏ ሥር ትንሽ ተነክታለች፣ ግድ የለም። ቀለሟን ግን እዩ... ከጠርዟ ተነሥቶ ከፊደሎቹ ሥር ገብቷል። ይህን የቀባው ጊዜ ነው፣ ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። ምን ልበላችሁ፣ ልክ እንደ... ወንዙ ላይ ክንፉን ሲገልጥ እንደምታዩት፣ እንደ ዳክዬ...»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

መዳፉን ከግራ ዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ አነሣና በቀኙ ላይ አደረገው። ማር። መልሶ ግራውን ሸፈነ። ዳክዬ። ሳንቲሟን ገልብጦ በጀርባዋ ካለው የጋሻ ቅርጽ ሥር ያለችውን፣ እሱ ብቻ የሚያውቃትን ቀጭን ጭረት በማጉያው ፈለገ፤ አገኛት።

«ሄዘል» አለ ሳይዞር።

«አቤት።»

«ቁልፉን የሰጠሁሽ ለድመቱ ነው።»

«ድመቱም በልቷል።»

«ጉድ!» ትሬቨር ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዳኛው ለገዛ ሳንቲሙ ፈረደ! የገዛ ሚስትህ ቤትህ ብትመጣ ደግሞ ማነሽ ልትላት ነው?»

ትሬቨር ምን እንዳለ ሲገባው ፊቱ ቀላ። ክሊፎርድ ግን ፈገግ አለ።

«ልክ ነህ፣ ትሬቨር። ስላት ኖሬያለሁ» አለና ግማሽ ክራውኗን ከጨርቁ ላይ አነሣት። «ዳኛ በራሱ ዳኝነት አይወዳደርም። ዋንጫው ለቁጥር አራት ነው። ባለቤቷ ይነሣ።»

ትሬቨር ቀድሞውኑ ቆሞ ነበር። ብስኩቱ ሻዩ ውስጥ ሰመጠበት።

«ጭቃ ናት እያልከኝ? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ጭቃው እኔ ጋ ነበር። ሐምራዊና ሰማያዊ ናት፤ ታምራለች። ሐሳቤን ሳልለውጥ ዋንጫህን ይዘህ ቁጭ በል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናብ ይጥል ነበር። ሄዘል መኪናዋን በወንዙ ድልድይ ላይ ስታሻግር፣ ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«እሷ ዳክዬዋን አይታ ነው የመረጠችልኝ። ነግራኛለችም። እኔ ስቄ ማር አልኳት።» መጥረጊያው መስታወቱን ሲጠርግ አየ። «ለምንድነው ያልተከራከረችኝ? ለሁሉም ነገር ትከራከረኝ ነበር እኮ። ለድንች ልጣጭ እንኳ።»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለች ሄዘል። «ደስ ያለውን ሰው ማን ይከራከራል?»

ድልድዩን አለፉ። ክሊፎርድ አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ።

«ሐሙስ አርፍደሽ እንዳትመጪ» አላት።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ከኮቱ ኪስ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አወጣ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግማሽ ክራውኗን በግራው፣ በዚያ ሞራው ዛሬ በሚገፈፈው ዓይኑ ብዙ አያት። ሄዘል ምን እንደሚያይ ታውቃለች፤ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ማርነቷም ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ ሳንቲሟን አቀበላት። «ጠርዟን ብቻ!»

«አውቃለሁ።»

«አውራ ጣትሽ!»

«ክሊፎርድ፣ ሂድ!»

ሄደ። አንገቱን ያንኑ የዶሮ አሰባበሩን ሰብሮ፣ በቀኝ ዓይኑ መንገዱን እየመረጠ የመስታወቱን በር ገፋው፤ የመተላለፊያው ነጭ ብርሃንም ተቀበለው። ሄዘል ጠርዟን ብቻ ይዛ፣ አውራ ጣቷን አርቃ፣ ጀርባው ከረጅሙ ኮሪደር መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው።