የተሸፈነችው በቅሎ

ከጎረቤቴ ጸጉር ቤት የተቃጠለ ጸጉር ሲሸተኝ አባቴ ትዝ ይለኛል። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር ለበቅሎ የብረት ጫማ ሊመታ የጋለውን ብረት ኮቴዋ ላይ ሲያሳርፍ እንዲሁ ይሸት ነበር። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ስለሚባል፣ ሰው በቅሎውን የሚያቀርብለት ፊቷን በነጠላ ሸፍኖ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ የአንድ ቄስ በቅሎ ነጠላዋ ተንሸራተተና ዓይኗን አየሁት።

«እንዴት ሸጋ ናት» አልሁ።

ቄሱ ልጓሟን ከአባቴ እጅ ነጠቁ። «ምነው አንተ፣ ልጅህን ዝም አታሰኛትም?» አሉት። በቅሎዋ ሦስት እግሯን ብቻ ተጫምታ ሄደች።

አባቴ ፍሙን እየበተነ «አልመታሽም» አለኝ። «እኛ የሰው ከብት አናደንቅም። ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ በቅሎ ያመጣለት ሰው የለም።

ዛሬ በሰው አገር፣ ጎረቤቴ አራስ ልጇን ስታሳየኝ «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» እልና ዓይኔን ሰበር አደርጋለሁ።