ማንም የማይቀበለው ሬዲዮ

ዋሻ ቁፋሮው ላይ ያለ ሁሉ «ዳኛዋ» ይላታል። ሬዲዮ ጠጋኝ ናት፤ ፊቷን ያየ ግን ችሎት የቀረበ ይመስለዋል። ዋሻው ውስጥ አንቴና ብሎ ነገር የለም። መልእክት የሚወጣው ሠራተኞቹ የያዟቸውና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሬዲዮዎች አንዱ ለሌላው እያቀበሉት ነው። ታዲያ ሬዲዮዎቹም እንደ ሰው ይተዛዘባሉ፤ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ያላሳለፈ ነጥቡ ይወርዳል፤ ነጥቡ ያለቀበትን ጎረቤቶቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉታል። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት።

የመጀመሪያው ተቀጪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ታናሽ ወንድሟ! ባትሪው እንዳያልቅበት የሰው መልእክት ማሳለፊያውን ይዘጋዋል፤ «ቆጥቤ» የሚሉትም ለዚሁ ነው።

«እህትዓለም፣ በእናትሽ ነጥቤን መልሺልኝ» ቢላት፣

«መጀመሪያ የሰው አሳልፍ!» ብላ አሰናበተችው። ለወንድሟ ካደላች ማን ያምናታል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድማሚት ሊፈነዳ ሆነ። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ በሬዲዮው «ቆዩ» ይላል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ዋሻው አፍ ላይ ያለው፣ መልእክት የሚታይበት ስክሪን ባዶ ነበር።

«ሬዲዮዎችሽ ጭጭ ብለዋል፤ ማንም የለም» አለ ፎርማኑ፣ ጣቱን ማፈንጃው ላይ አድርጎ።

«ቆጥቤስ?»

«ያ ለጋሚ! ወጥቶ አንዱ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይሆናላ።»

ዞር ስትል የወንድሟ ጃኬት ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ አልወጣም ማለት ነው። ቢጣራስ ማን ይሰማዋል? የሬዲዮዎቹን ጆሮ የደፈነችበት እሷው!

«እንዳይነኩት! ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይቆዩ!»

«ለወንድምሽ ብዬ ሥራ ላስቁም?»

«የቀጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? መቼ አዳልቼ አውቃለሁ?»

ፎርማኑ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ጣቱን አነሳ።

የወንድሟን ነጥብ መለሰች። ወዲያው ስክሪኑ በመልእክት ተጥለቀለቀ፤ ሁሉም ያው አንድ መልእክት ነው፦ «እግሬን ድንጋይ ይዞኛል፤ አታፈንዱ።» ያሳለፈው የቆጥቤ ሬዲዮ ነው፤ የላኩት ግን አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ ናቸው። ስለ ቆጥቤ አንዲት ቃል የለችም።

ድንጋይ ፈንቃዮቹን አስከትላ ሮጠች። ሽማግሌው መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ሬዲዮአቸው ተሰንጥቆ ድምፁ ከክንድ ርቀት አያልፍም። ከራሳቸው በላይ የተሰበረውን ድጋፍ እንጨት ወንድሟ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል፤ ቢለቀው ጣሪያው እሳቸው ላይ ነው። ወገቡ ላይ ያለችው ሬዲዮ የባትሪዋ መብራት ቀልቷል።

ሽማግሌውን አውጥተው እንጨቱን ሲቀበሉት መሬት ላይ ቁጭ አለ። እህቱን አያት።

«እህትዓለም፣ የሰው አሳልፍ አላልሽኝም? ይኸው ስንቴ አሳለፍኩ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ምነው ማንም አልቀበል አለኝ?»